ከፏፏቴው ጀርባ አማትና ምራት

ባሏን የሥራ ባልደረቦቹ «አለሁላችሁ» ነው የሚሉት። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የማንም ፍሪጅ በእረፍት ቀን ቢበላሽ፣ የማንም መኪና መንገድ ላይ ቀጥ ቢል፣ የማንም እናት ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ቢያጡ ስልኩን ያነሳና «አለሁ!» ይላል። ስሙ ከዚያ ወጣለት። ጎረቤቱ ሁሉ ሚስቱን «ታድለሽ!» ይላታል፤ እሷም «አዎ፣ ታድያለሁ» ትላለች። ምን ትበል? አይጠጣ፣ አይማታ፣ ደመወዙን አያባክን። ጫማዋ ሲንሻፈፍ ሳትነግረው ወስዶ የሚያስጠግን ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ሰው ማን ያማርራል? አንድ ቀን ለገዛ እህቷ በስልክ «አየር አጠረኝ» ብትላት እህቷ «ታዲያ መስኮት ክፈቺያ!» ብላ ከት ከት ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

እሷን ሰፈሩ «ሙሽሪት» ይላታል። ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ልጅነት ልብስ እየጠበባትም አልወልቅ ብሏል። የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ደንበኛ በሚስተናገድበት በፊት ለፊቱ በኩል ሳይሆን ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስተዋቱን በፍሬሙ ልክ በሚሞርደው ማሽን ላይ ነው የምትውለው።

ቤታቸው አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የባሏ እናት ደረጃ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ሲታመሙ፣ አለሁላችሁ ሳሎኑን በቁም ሳጥን ለሁለት ከፍሎ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አልጋ ዘርግቶ አመጣቸው። አማቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው፣ የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሙሽሪት አጥባ አጣጥፋ ያስቀመጠችውን አንሶላ ካለበት አውጥተው፣ ጠርዙ ከጠርዙ እስኪገጥም እንደገና ያጣጥፉታል። ሙሽሪት ይህን ባየች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ታልፋለች። ሬዲዮ መክፈት ሲያምራት ደግሞ «ይረበሹብኛል» ብላ ትተወዋለች። አማቷ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሲገላበጡ አልጋው ሲያቃስት ይሰማታል፤ የሷም ሳል ለሳቸው እንደሚሰማ ታውቃለች። እንዲህ ተከባብረው፣ ተፈራርተው ኖሩ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ የመነጽር ቤቱ ባለቤት ወደ ኋላ ክፍል ብቅ ብሎ፣ «ቅር አላለሽም አይደል?» አላት።

«ምኑ?»

«የአዲሱ ቅርንጫፍ ነገር ነዋ! አንቺ ኃላፊ ሆነሽ እንድትይዢው አስቤ ነበር። ባልሽ ማቀዝቀዣውን ሊሠራልን የመጣ ዕለት ባነሳለት፣ እናቱ ታመው አንቺ ሌላ ሸክም እንደማትችዪ ነገረኝ። ቀድሞ መናገሩ ጥሩ ነው፤ ሌላ ሰው እየፈለግሁ ነው።»

ሙሽሪት ማሽኑን አጠፋች። እንደገና አበራችው። «አይ፣ ቅር አላለኝም» አለች።

ዓርብን ዋጥ አድርጋ አሳለፈችው። እሁድ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ ብላ ቆረጠች። ቅዳሜ ማታ ግን አለሁላችሁ ሦስት ብርቱካናማ ኮፍያ ይዞ እየሳቀ ገባ። «ነገ ተራራው ላይ ያለው ሐይቅ እንሄዳለን! ፏፏቴውንም እናያለን። እናንተ ሁለታችሁ ቤት ውስጥ ተዘግታችሁ ልትሻግቱ ነው!»

«ልጄ፣ እኔ ወገቤ...» አሉ እናቱ።

«እኔ ልጅሽ ሞቼ ነው ቆሜ? ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ለናንተ ብዬ እኮ ነው!»

ለናንተ ብዬ ሲል ነገር ያልቃል።

እሁድ ጠዋት ሄዱ። መንገዱ ከጥድ ጫካ ይጀምርና በግንድ ደረጃ፣ ከዚያም በድንጋይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አለሁላችሁ ከኋላ ሆኖ «እማዬ፣ ቀኝ እግርሽን እዚያ ላይ። ሙሽሪት፣ አንቺ ደግሞ ሥሩን እንዳትረግጪ፣ ያንሸራትታል» እያለ ነዳቸው። ለእናቱ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ አሸክሟቸዋል፤ ውስጡ ፋሻ፣ ቅባት፣ ትኩስ ውሃ፣ ትርፍ ካልሲ አለ። «ምናልባት ከተጠፋፋን» ነው ምክንያቱ። እሳቸውም ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አጥልቀው ወጡ።

ሐይቁ ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ዙሪያውን ገደል ከቦታል፤ ውሃው ከላይ ሲያዩት የማይንቀሳቀስ፣ የታሰረ ይመስላል። ሙሽሪት ዳር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ልታየው አማራት። ገና ድንጋይ መርጣ ቁጭ ከማለቷ ባሏ «እዚያ ነፋስ አለ፣ ወዲህ ነይ» አላት። ምንጣፍ አነጠፈ፣ እንቁላሉን ልጦ ጨው ነስንሶ በእጇ ሰጣት። አንስቶ ሊያጎርሳት ምንም አልቀረውም። «ስለ ቅርንጫፉ...» ብላ ልትጀምር አፏን ስትከፍት፣ «ብይ፣ ብይ፣ ከሰል መስለሻል፤ ደክሞሻል» ብሎ ከአፏ ቀማት።

እየበሉ ሳለ ከሐይቁ ወዲያ ያለው ሰማይ ጠቆረ። «እንውረድ እንጂ» አሉ እናቱ። አለሁላችሁ ግን ፏፏቴውን ሳያሳያቸው የሚመለስ ሰው አይደለም። የሐይቁ ውሃ በአንድ ስንጥቅ ሞልቶ ወጥቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከገደል ይወረወራል። መንገዱ ከፏፏቴው ጀርባ ወደምትገኝ የአልጋ ስፋት ያላት የድንጋይ መደብ ይገባል። ላዩ ተንጠልጥሎ የቆመ ቋጥኝ ነው፤ ፊቱ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ውሃ።

«እናንተ ከውሃው ጀርባ ቁሙ፤ እኔ ከታች ሆኜ ፎቶ ላንሳችሁ!»

«እኔ ይቅርብኝ» አሉ እናቱ።

«አንድ ፎቶ ብቻ፣ እማዬ!»

ገቡ። ጥቂት እርምጃ እንደገቡ የሰው ድምፅ ጠፋ፤ ያለው የውሃው ጩኸት ብቻ ነው። አለሁላችሁ ወደ ታች ወርዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመ። በውሃው ሽንሽን መካከል ብርቱካናማ ኮፍያው ብቅ ጥልቅ ይላል። እጁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አወናጨፈ። ተጠጉ ማለቱ ነው፤ ተጠጉ። ሳቁ ማለቱ ነው፤ ሳቁ።

ያኔ ነው ውሃው የተለወጠው። መጀመሪያ መልኩ ደፈረሰ። ከዚያ ቅጠልና ስንጥርጣሪ ይዞ መጣ። ላይ ዝናቡ ሲዘንብ ቆይቶ ኖሮ፣ ፏፏቴው በአንድ ጊዜ ወፍሮ የገቡባትን ጠርዝ እየደበደበ ዘጋት። ሙሽሪት አማቷን ይዛ ልትወጣ ሮጠች፤ ውሃው ትከሻዋን መትቶ ወደ ኋላ መለሳት። አንድ ቅርንጫፍ ወርዶ እግሯ ሥር እንክትክት አለ። አንድ እርምጃ ብትገፋ ኖሮ ጭንቅላቷ ላይ ያርፍ ነበር። ወደ ኋላ ሸሽተው ቋጥኙ ላይ ተለጠፉ።

ከማዶ አለሁላችሁ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ያወዛውዛል። አትንቀሳቀሱ! አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም።

አማቷ ክንዷን ይዘው ጎተት አደረጓትና አፋቸውን ከጆሮዋ ጀርባ፣ አጥንቱ ላይ አስጠጉ። የማጠቢያ ማሽን ሲጮህ ሠራተኞቹ እንዲህ ነበር የሚነጋገሩት። «ፈራሽ?»

ሙሽሪትም እንደሳቸው አደረገች። «አልፈራሁም።»

«እኔ ግን ፈርቻለሁ» አሉ።

እንዲህ ብለው ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። እጃቸውን ያዘች። አለሁላችሁ ወዲያ ማዶ ራሱን በጣቱ እየነካ ያመለክታል።

«ምን ይላል ደግሞ?» አሉ አማቷ።

«ኮፍያችሁን አታውልቁ የሚል ይመስለኛል።»

አማቷ መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሙሽሪት እያለቀሱ መስሏት ብትጠጋ እየሳቁ ነው። ሳቁ ተጋባባትና ሁለቱም ቋጥኙን ተደግፈው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ ሳቁ በራሱ እስኪያስፈራቸው ድረስ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ብርዱ መጣ። የሙሽሪትን ጃኬት ለሁለት ደረቡት።

«ምን ቆርጦኝ ነው ከቤቴ የወጣሁት!» አሉ አማቷ።

«ምን ይደረግ፣ ትናንት እምቢ ማለት ነበረብን።»

«የዛሬውን አይደለም የምልሽ። ከቤቴ! ከገዛ ቤቴ!»

ሙሽሪት ዞር ብላ አየቻቸው። «እርስዎ ነዎት እኮ የለመኑት።»

«ማንን?»

«እሱን ነዋ። ብቻዬን ስወድቅ የሚያነሳኝ የለም፣ ከናንተ ጋር ካልኖርኩ እሞታለሁ ብለው አልቅሰው...»

አማቷ ዓይናቸው ፈጠጠ። «እኔ? እኔ ነኝ ያለቀስኩት? አንቺ አይደለሽ እንዴ! ቤቱ ጭር ብሎብኝ፣ ሥራ ውዬ ስመለስ የማወራው ሰው አጥቼ፣ እማማን ካላመጣህልኝ ብለሽ እህል አልቀምስ ያልሽው? እኔማ ተንፏቅቄም ቢሆን ቤቴ ነበርኩ። ያቺ ልጅ እንዲህ ከወደደችኝ እንዴት አስቀይማታለሁ ብዬ ነው የመጣሁት!»

ሙሽሪት ጆሮዋን ከአፋቸው አርቃ ውሃውን አየች። ሁለት ዓመት። ያልተከፈተው ሬዲዮ፣ የታፈነው ሳል፣ የተዋጠው ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላት። «እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም፣ እማማ» አለች።

«አውቄዋለሁ አሁን። ፊትሽ ይናገራል። ታዲያ አንሶላውን ሳጣጥፍ ዓይንሽ ደም የሚመስለው ለዚህ ነው?» አሉ።

«ያዩኛል ለካ!»

«ለምን አላይም? እጄ ሥራ ፈቶ ሊያሳብደኝ ነው፣ ልጄ። እቤቴ ብሆን ያቺ ጎረቤቴ፣ አብራኝ አንሶላ ስታጥብ የኖረችው፣ ከሰዓት መጥታ ካርታ እንጫወታለን፤ ታጭበረብረኛለች፣ እሰድባታለሁ፣ እንዲህ ነበር የምንውለው። እዚህ ያለኝ የቁም ሳጥን ጀርባ ነው።»

ሙሽሪት የቅርንጫፉን ነገር ነገረቻቸው። አማቷ ሲሰሙ ቆይተው፣ «በኔ ወገብ አሳቦ?» አሉ። «ይሄ ወገቤ እኮ ከሱ ቀድሞ የተወለደ ነው! በዚህ ወገብ ነው አዝዬ ያሳደግኩት!» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ፤ ሙሽሪት ለመስማት አንገቷን ማስጠጋት ነበረባት። «ጥፋቱ የኔም ነው። አባቱ ጥሎን ሲሄድ ይሄን የሚያህል ልጅ ነበር። ሳለቅስ አይቶኝ ባልዲ ተሸክሞ መጣና ‹አለሁ እማዬ› አለኝ። ደስ አለኝ። ወንድ ወለድኩ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት። ያን ጊዜ ባልዲውን ተቀብዬ ሂድ ተጫወት ማለት ነበረብኝ።»

እያወሩ ውሃው መደቡ ላይ መውጣቱን አላስተዋሉም ነበር። ሙሽሪት ጫማዋ ውስጥ ሲገባ ነው ያወቀችው። ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጉልበታቸው ከፍ አለ። አለሁላችሁ አሁንም እጁን አጣምሮ ያወዛውዛል፦ እዚያው! እዚያው!

በግራ በኩል፣ መደቡ በሚያልቅበት፣ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ስንጥቅ ነበረች። ሙሽሪት ገብታ አየች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ግን ከወዲያ ጫፍ ቀጭን ብርሃን ታያለች፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታም ይመጣል። ተመልሳ አማቷን አስጠጋች። «እንሂድ።»

«እሱ አትንቀሳቀሱ እያለ ነው።»

«እሱ ያለው ደረቅ ድንጋይ ላይ ነው፣ እማማ።»

አማቷ ወደ ማዶ አንድ ጊዜ አዩና «ምሪኝ» አሉ።

ሙሽሪት ከፊት ሆና እጃቸውን ይዛ ገባች። ድንጋዩ ከፊት ደረቷን፣ ከኋላ ጀርባዋን ይነካል፤ ትንፋሿን ስትስብ እንኳን ይጫናታል። መሃል ላይ ሲደርሱ የአማቷ እጅ ተወጠረ። አልመጣም አለ። ጎተተች፣ አልመጣም።

«ተቀርቅሬያለሁ!» የሳቸው ድምፅ እዚያ ውስጥ በግልጽ ይሰማል። «ወደ ኋላም አልሄድም፣ ወደ ፊትም አልሄድም። ኧረ ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ!»

ሙሽሪት መዞር አትችልም። ዘወር ብላ ልታያቸው እንኳን ጭንቅላቷ ድንጋዩን ይመታል። እንዲህ ሆኜ ነው የኖርኩት የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። እሷም መጮህ አማራት። ከጮኸች ግን ሁለቱም እዚያ መቅረታቸው ነው። እጇን በዳበሳ ሰደደች። ትከሻቸውን አገኘች፣ ከዚያ የቦርሳውን ማንገቻ።

«ቦርሳው ነው የያዘዎት! ያውልቁት!»

«እሱ እኮ እንዳታወልቂው ብሎኛል...»

«እማማ! ያውልቁት!»

እንዲህ ጮኻባቸው አታውቅም። ማያያዣውን ከደረታቸው ላይ በጣቷ ፈልጋ ከፈተችው። ቦርሳው ከነፋሻው፣ ከነትኩስ ውሃው ከኋላቸው ወደቀ። አማቷ ትንፋሻቸውን አስወጥተው ሆዳቸውን ሰበሰቡ፤ ሙሽሪት ጎተተች። ልብሳቸው ተቀደደ፣ ክንዳቸው ተላጠ፣ ግን መጡ። በአንድ ላይ ከስንጥቁ ወጥተው ጭቃ ላይ ወደቁ። ዝናብ ይዘንባል። ተኝተው አፋቸውን ከፍተው ተነፈሱ።

የወጡት ከፏፏቴው ከሚወርደው ወንዝ ወዲያኛው ዳር ነበር። አለሁላችሁ መደቡ ባዶ መሆኑን አይቶ ኖሮ፣ ኮፍያውን ጥሎ ደራሽ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቷል፤ አንድ ድንጋይ አቅፎ «እማዬ! ሙሽሪት!» እያለ ይጮሃል። እዚህ ጩኸቱ ይሰማል። ሙሽሪት ዘልላ ቆመች። «እዚህ ነን! ውጣ! ውጣ ከውሃው!»

ዞሮ አያቸው። እየተንገዳገደ ወጣና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። አንጀቷን በላው። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ደረቷ ውስጥ ተቀመጡ።

ድልድዩ ከታች ነው። እስከዚያ እነሱ በዚህ ዳር፣ እሱ በዚያ ዳር ሆነው ወረዱ። ጥቂት እንደሄዱ እንባውን ጠርጎ «በቀኝ! በቀኝ በኩል!» እያለ እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። አማቷ ቀና ብለው አዩና «በግራ ይሻላል» አሉ። በግራ ሄዱ።

ድልድዩ ላይ ሲገናኙ ሁለቱን በአንድ ላይ አቀፋቸው። ከዚያ «አትንቀሳቀሱ ብያችሁ አልነበረም!» አለ።

«ውሃው ጉልበታችን ደርሶ ነበር» አሉ እናቱ። «አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ማነው ማንን የለመነው?»

አለሁላችሁ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ለሁለታችሁም ብዬ ነው... አንቺ ብቻሽን ትወድቂያለሽ፣ እሷም ብቻዋን ትውላለች። በራሳችሁ እሺ አትሉም ብዬ...»

«ቅርንጫፉስ?» አለች ሙሽሪት።

ይህን አልጠበቀም። «ትደክሚብኛለሽ ብዬ» አለ።

«ልደክም እችል ነበር። እኔ ነበርኩ የምደክመው» አለች። የበለጠ ልትናገር አስባ ነበር፤ ጥርሷ ግን በብርድ ተንገጫገጨባት።

መኪናው ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተቀመጡ። አለሁላችሁ ማሞቂያውን ከፈተ፤ በሮቹ ቀጭ ብለው ተቆለፉ፤ መስኮቱ በእርጥብ ልብሳቸው እንፋሎት ታፈነ። ሙሽሪት እንደገና ስንጥቁ ውስጥ የገባች መሰላት። መስኮቱን ዝቅ አደረገችው። «ብርድ ይመታሻል» አለ። ዝቅ እንዳለ ተወችው። እሱም ሁለተኛ አልተናገረም።

በዚያው ሳምንት አማቷ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አለሁላችሁ ራሱ አደረሳቸው፤ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ መያዣ ብረት ተከለላቸው፣ እሳቸውም አልተቃወሙም። ሲሄዱ ሙሽሪትን በር ላይ ስመው፣ «እኔ ወጣሁ። ያንቺን በር ግን እኔ አልከፍትልሽም» አሏት።

ሰኞ ዕለት ሙሽሪት ለመነጽር ቤቱ ባለቤት በገዛ አፏ ነግራው ነበር፤ አማቴ ደህና ናቸው፣ እኔ ሥራውን እፈልጋለሁ ብላ። ቦታው ግን ቅዳሜ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ባልሽ ያን ያህል አስረግጦ ሲነግረኝ ጊዜ...» አለና እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ ክፍሏ ተመለሰች። ማሽኑን ከፍታ፣ ማንም እንዳይሰማት፣ በጩኸቱ ውስጥ አለቀሰች።

ባሏ ተለውጧል። ለውጡ ግን የሚያስቅም የሚያስጨንቅም ነው፤ አሁን ሁሉን ይጠይቃታል። መብራቱን ላጥፋ? ዳቦ ልግዛ ወይስ ይቅር? ልቀመጥ? አንዳንዴ ከቀድሞው ይልቅ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ሳሎኑ ሰፍቶ፣ ሁለቱ ተፋጥጠው ይቀመጣሉ።

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሕክምና መስጫ ውስጥ የመነጽር ክፍሉን የሚመራ ሰው እንደሚፈለግ ሰማች። ለማንም ሳትናገር ሄዳ ተፈተነች። ከተፈተነች በኋላ ነገረችው። «እዚያ እኮ አንድ የማውቀው...» ብሎ ጀመረ፤ ፊቷን አየና አፉን ዘጋ። እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መጠበቅ እንዳላወቀበት ሰው፣ ጣቶቹን ሲያፍተለትል አመሸ። የፈተናው መልስ ገና አልመጣም።